መልሱን የበላ ምድጃ

ኤርደነት ከተማ፣ ኅዳር ሊወጣ ሲል፣
ምራቅ መሬት ሳይደርስ በረዶ ሲመስል፣
መምህር ጎምቦጃቭ ካርቶን ተሸክመው
አምስት ፎቅ በእግር፣ ሦስቴ አረፍ ብለው፣
በራችን ላይ ቆሙ። «ሶሎንጎ፣ እንኪ» አሉ፣
«የሃያ ሦስት ዓመት ፈተና ነው ሙሉ፤
መልሱ ብቻ የለም። ማሞቂያው ሲሰበር
ምድጃ በልቶታል፤ ክፉ ብርድ ነበር።»

ከፋኝ። እኔ እኮ እስከዚያች ቀን ድረስ
ጥያቄው ሳያልቅ ዓይኔ ነበር ከመልስ፤
አንብቤ፣ ነቅንቄ፣ «ይኼማ ግልጽ» ብዬ
ወደፊት አልፍ ነበር፣ ዐዋቂ መስዬ።
የሰው ማዕድ አይቶ «ጠገብሁ» የሚል ሰው
ሆዱ ባዶ ሲጮህ ያኔ ነው የሚያውቀው።

ቱቭሺን፣ ጎረቤቴ፣ ባንድ ቅዳሜ ብቻ
አምስት ዓመት ፈጀ፣ ልክ እንደ ዘመቻ።
«አዎ፣ ፈጅቷቸዋል» አሉ፣ ጋዜጣ እያጠፉ፣
«አንዳቸውም ወዳጅ ሳይሆኑት አለፉ።»
ከክንዳቸው ፈተው ሰዓት አስቀመጡ፤
«ሦስት ሰዓት አለሽ» ብቻ ብለው ወጡ።

አንደኛው ተፈታ።
ሁለተኛው፣ ግማሹ።
ሦስተኛው ላይ የማሞቂያው ቧንቧ
ጓ፣ ጓ ይላል ከግድግዳው ውስጥ፤
እናቴ ከመዳብ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ
ገብታ ጫማዋን ስትጥል
እኔ እዚያው ነኝ፤
አንድ ክብ፣ አንድ ክቡን የምትነካ መስመር፣
አንድ ስሙን የማይናገር ማዕዘን።

ሰዓቱ ሲያበቃ፣ ከስድስቱ ሁለት።
አለቀስሁ ብል ውሸት፣ ሳቅሁም ብል ውሸት።

በማግሥቱ መጡ። «መልሱን ይንገሩኝ» ስል
«ረሳሁት» አሉኝ፣ የሚስቁ ይመስል።
«ይልቅ የሳትሽበት በቀይ ቀለም ይስፈር፤
‹ቸኮልሁ› አይበቃም፤ የቱ ጋ ነው ነገር
የተጠመዘዘው? ዜሮን ረሳሽ ወይ?
ሥዕሉን ሳትሥዪ ስሌት ጀመርሽ ወይ?
ደግሞ በሳምንቱ፣ ደብተርሽን ዘግተሽ፣
ነጭ ወረቀት ላይ፣ እንዳላየ ሆነሽ፣
ተመለሺ።»

ተመለስሁ፣ በሰባተኛው ቀን፣ ማታ።
ያው ክብ፣ ያው መስመር፣ ያው እኔ።
ከክቡ እምብርት እስከ መንኪያው ነጥብ
አንዲት ቀጭን መስመር ባሰምር
ቋጠሮው ላላ፤ ተፈታ።
ልክ መሆኑን ማን ይነግረኛል?
ያገኘሁትን ቁጥር ጥያቄው ውስጥ መልሼ ከተትሁት።
ገጠመ።
ለካ መልስ ማለት መመለስ ኖሯል፤
ያልሄደበት እግር ከየት ይመለሳል?

የውድድሩ ዕለት፣ በየካቲት ጧት፣
ካጠናሁት አንድም አልመጣም በስሕተት።
አራተኛው አገተኝ። እጄ ግን አልራደ፤
መቆምን ለምዷላ፣ ሥዕል ሥሎ ሄደ፤
ትንንሽ ቁጥር ሞክሮ፣ ከኋላ ጀምሮ፣
ስንጥቅ አገኘና ገባ ሰርስሮ።
ሰባተኛ ወጣሁ። ቱቭሺን አራተኛ፤
እውነቱ ይነገር፣ አይደለሁ ምቀኛ።

ጸደይ ሲገባ፣ ኬክ ይዤ፣
ላመሰግናቸው ሄድሁ።
ኮቴን ሳላወልቅ ዓይኔ
ምድጃውን ፈለገው።
ሳሎን፣ የለም።
ወጥ ቤት፣ ኤሌክትሪክ።
እንደኛው ሕንፃ ነው፣ በቧንቧ የሚሞቅ፤
ጭስ መውጫ እንኳ የለው።
መደርደሪያው ላይ ግን አረንጓዴ አቃፊ፣
ወፍራም፣ በክር የታሰረ፤
ጀርባው ላይ በራሳቸው እጅ ጽሕፈት
ሃያ ሦስት ዓመት ተደርድሮ።
አየሁት። ማየቴን አዩ።
«ሻይ?» አሉኝ።
«እሺ» አልሁ።

ካርቶኑን በቀደም ማራል ተቀበለች፣
የሦስተኛ ፎቋ፤ ዓሥር ዓመት ሞልታለች።
የኔን ዓመት ጨምሬ ሃያ አራት ሆነዋል።
ገለባብጣ አይታ፣ «መልሱስ፣ እቴ፣ የታል?»
ፊቴን ወደ መስኮቱ፣ ወደ በረዶው መልሼ፣
«ክፉ ብርድ ነበር» አልኋት፤
«ምድጃ በልቶታል።»