ሣር ቤት

ሚያዝያ ላይ ኮምቦልቻ፣ አየሩ ሲከብድ፣
የብሎክ ሰባት ጣራ፣ ኮንክሪቱ ሲነድ፣
ከሥሩ ተማሪው፣ ደብተር ሲያራግብ፣
በቀመሩ መሐል፣ ጠብ ሲል የግንባር ላብ፣
አምስት ሆነን ወጣን፣ በብረት መሰላል፣
"እዚህ ላይ ቢዘራ፣ ምን ይበቅል?" ልንል።

መሐቡባ አሰበች፣ እርሳሷን ነከሰች፣
"ደረቅ አፈር ዋሾ ነው" አለች።
"ዝናብ የጠጣ ለት፣ እጥፍ ነው ክብደቱ፣
ምሰሶው ሲጠየቅ፣ ያን ጊዜ ነው እውነቱ።"
ሦስት ጊዜ ሠረዘች፤ ሦስት ጊዜ ደመረች።

በጆንያ፣ በባልዲ፣ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ፣
አፈር ከቦርከና፣ ጠጠር ከገደሉ፤
ላስቲኩን ዘርግተን፣ በላዩ ጠጠሩን፣
በጠጠሩ ጆንያ፣ በጆንያው አፈሩን።

ይማም የደሴው ልጅ፣ ከጦሳ ሥር ወርዶ፣
ጦስኝ ይዞ መጣ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጋርዶ፤
ደጋ የለመደው፣ የኛን ቀትር ሲያየው፣
በሦስተኛው ቀን ደረቀ። የይማምን ፊት ማን ይየው!
እንዳሁላና ሰርዶ ግን፣ ቆላ ያሳደጋቸው፣
ማንም ሳያባብላቸው፣ ጠጠር ጨበጠ ሥራቸው።

ጋሽ ሙሄ ዘበኛው፣ ከታች አንጋጠጡ፦
"ጣራው ሣር ሲያበቅል፣ ባለቤት የለው ነው፣
እናንተ በቁማችሁ፣ ኧረ ይሄ ምነው?"

ሰኔ ሌሊት ዘነበ። ጠዋት ተጠራን።
በሰሜኑ ማዕዘን፣ ላስቲኩ ተቀዷል፣
የክፍሉ ኃላፊ፣ ጠረጴዛ ርሷል።
"ይህ የማን እጅ ነው?" ማንም አልተነፈሰ።
የኔ ነው። ቸኩዬ፣ ምሳ ስለደረሰ።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ፣ ወረባቦ፣ ላወራት።
"አንቺን ከሣር ጣራ፣ ከፍሳሽ ላወጣ፣
ስንት ዓመት ለፋሁኝ፣ ቆርቆሮ እስኪመጣ!
ሠላሳ ቅጠል ሙሉ፣ በሬ ሸጬ አለበስሁ፤
ዩኒቨርስቲ ልኬሽ፣ ሣር ስትከድኚ ሰማሁ።"
ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። መለሰች ቆይታ፦
"ሣሩ ግን ቀዝቃዛ ነበር፣ ለቀትር መኝታ።"

ጥጉን በሬንጅ ደፈንኩ፣ ሁለት ቀን ቆሜበት፤
ክረምቱ ሲያበቃ፣ ሰርዶው ሄደበት።
መስከረም ላይ ፀሐይ፣ ስትመለስ ጠብቀን፣
ብሎክ ሰባትም፣ ስድስትም፣ ቴርሞሜትር ሰቅለን፣
አራት ዲግሪ ልዩነት! ደግመን አየን፣ ደግመን።

ትናንት ደግሞ ጋሽ ሙሄ፣ ዱላቸውን ጥለው፣
ከውኃው ታንከር ጥላ፣ በጉልበት ተንበርክከው፣
አንዲት ጦስኝ ያያሉ፣ ሁለት ቅጠል አውጥታ።
"ዝም በይ" አሉኝ በእጃቸው፣
"ለይማም እንዳትነግሪው። ማታ
እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።"