ክብደቱ ወዳጋደለበት

ሰኞ ነው፤ ቃሊቲ፣ መጋዘን ቁጥር ሰባት፣
ከአቃቂ የተነሳው አቧራ በቆርቆሮው ስንጥቅ ሲገባበት፣
ጋዲሳ ትራንዚተሩ መጣ፣ በብብቱ ፋይል ይዞ፤
"እህት ዓለም፣ ቶሎ ጨርሽልኝ፤
ሾፌሩ ቆሟል፣ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ።"

ዲክላራሲዮኑ ላይ አንዲት ቃል፦ ሱፍ።
"የሚፈተፈተው ነው የሚለበሰው?" አልኩት።
አልሳቀም፤ ሰዓቱን አየ። የመጋዘን ኪራይ በቀን ነው፤
ቀልድ አያውቅም፣ ቀን ሲያልፍ።

ካርቶኑን በምላጭ ሰነጠቅኩት።
ሹራብ። መቶ ሃያ ሹራብ፣ በላስቲክ የታሸገ፣
እንደ ክረምት ጭቃ የጠቆረ፣ እንደ ገለባ የነጣ፤
አንዱን ይዤ ሳብኩት፤ ተለጠጠ። ለቀቅኩት፤ ወደ ቦታው መጣ።
የተሸመነ አይደለም፤ እንደ ጋቢ ድርና ማግ የለበት፣
አንድ ክር ብቻውን ዞሮ ዞሮ ራሱን ያጠመደበት፣
ምዕራፍ ስልሳ አንድ ነው፣
መወርወሪያ ያልገባበት።

የቀረው የክሩ ዘር ነው።
ወረቀት ይዋሻል፤ ክር ግን እሳት ፊት አይክድም።
ከጫፉ ጥቂት መዘዝኩ
(ያሠለጠነኝ ሽማግሌ "ክር የመዘዘ መዘዝ መዘዘ" ይል ነበር፣ ጣቱን እየቀሰረ)፤
ላይተር ለኮስኩ።
ሰው ሠራሽ ቢሆን ቀልጦ፣ ጥቁር ፍሬ ሆኖ በቀረ።
ይኸኛው ግን ግማሹ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፤
ግማሹ እንደ ደብተር ገጽ በነበልባል ተበላ።
"ግማሹ ሱፍ ነው፣ ጋዲሳ" አልኩት፣ "ግማሹ ደግሞ ሌላ።"

ሐሙስ ከላቦራቶሪ መልስ መጣ፦
ሱፍ ሃምሳ፣ ጥጥ ሃምሳ።
"ታዲያ ምን ያከራክራል?" አለኝ ጋዲሳ፣
"ቀረጡ ያው አይደለም እንዴ?"
"ቀረጡ ያው ቢሆን እንኳ ስሙ ያው አይደለም" አልኩት፤
የሕጉን መጽሐፍ ገለጥኩት።
ክሩ ድብልቅ ሲሆን፣ ክብደቱ ወዳጋደለበት፤
ሚዛኑ እኩል ከቆመ ግን፣
በቁጥር ተራ ከኋላ ለመጣው ይፈረድለት።

ይህን አንቀጽ ባነበብኩ ቁጥር ቤታችን ይመጣብኛል።
አባቴ ጥላዬ፣ የመሐል ሜዳ ሰው፣ ባና ሠሪ፤
እናቴ ድንቂቱ፣ የአቃቂ ክር ፋብሪካ የሌሊት ተረኛ፣
ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ይዛ በንጋት የምትገባ።
"ያንቺ ጥጥ ውኃ ሲያገኝ ይከብዳል" ይላታል።
"ያንተ ሱፍ ያሳክካል" ትለዋለች።
እኔ መሐል እተኛለሁ፤
ከላይ የሱ ባና፣ ከታች የሷ አቡጀዲ።
አክስቴ መጥታ "ማንን ትወጃለሽ?" ስትለኝ፣
እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ዝም እላለሁ።

ከካርቶኑ ሥር አንዲት ትንሽ ሹራብ ወጣች፣
የሕፃን፣ ሁለት ቁልፍ ያላት።
ለሷም ሕግ አለ፦ ቁመቱ ከሰማንያ ስድስት ሳንቲ ሜትር ላላለፈ።
ሕጉ ልጅነትን በሜትር ይለካዋል።
እኔ ሰማንያ ሰባት የገባሁት በየትኛው ወር ይሆን?
ማንም አልነገረኝም፣ ከዚያ ቀን ወዲህ
ከትልልቆቹ ጋር እንደምመደብ።

"ጥጥ" ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ።
"ሱፍ ብሎ የገዛው ደንበኛዬ አሁን ምን ይለኛል?"
እያለ ወጣ ጋዲሳ፣ ፋይሉን ከብብቱ መልሶ።

ማታ ቱሉ ዲምቱ ከታክሲ ወርጄ በሩን ስከፍት፣
እናቴ ከወንበሯ ሳትነሳ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች፦
"ምን ተቃጠለብሽ?"
"ሱፍ።"
"የሚፈተፈተው?"
ስቄ ሳልጨርስ እጅጌዬን ስባ አሸተተችው፤
ያዝ አድርጋም ቆየች።
"ጥላዬ" አለች፣ "ምድጃ ዳር ሲያንቀላፋ፣
የባናው ጠርዝ ሲለበለብ፣
እንዲህ ነበር ቤቱ።"