የሰርዲን ታንክ

ሁለት የሰርዲን ጣሳ፣ ከታይዋን ገበያ ጓሮ ያነሳሁት፣
በውሰት የቆርቆሮ መቀስ ጠርዙን አጥፌ የገጠምኩት
(ጣቴንም ቆርጦኛል፤ እሱን ከሂሳቡ አልጻፍኩት)።
አፈሙዙ የእስክሪብቶ ቀፎ፣ ቀለሙ ያለቀበት፣
ሰንሰለቱ የባጃጅ ከመነዳሪ፣ ከጋራዥ ደጅ ያገኘሁት።

ማስቲሽ ሠላሳ ብር፣ ሻማ ሁለት፣ ሌላው ሁሉ በነጻ ነው፤
አረንጓዴውም ጂብሪል የሱቁን በር ቀብቶ ከተረፈው።

አሸዋው ከደቻቱ፣
ወንዙ ደርቆ ከተኛበት፣ ግመል ከሚያልፍበት ከአንጀቱ።
በሻይ ወንፊት ነፋሁት፤
እማዬ ዛሬም ትፈልጋለች፣ «የት ገባ?» ትላለች፣ «ወንፊቱ!»

ሰዎቹ የሻማ ሰም ናቸው፤ አምስት፣ ከጥፍሬ የማይበልጡ፣
በምስር ክክ ቆብ ያጌጡ፣
የስልክ ሽቦ ጠመንጃ ይዘው ለሰልፍ ቀጥ ብለው የመጡ።

ከዚያ የድሬ ቀትር መጣ።
ከዚራ ጥላዋን ዋጠች፣ የቤታችን ቆርቆሮ ተንጣጣ፤
ሰልፈኞቼ ከወገብ ላሉ። አንዱ በጉልበቱ ወረደ፣
የአንዱ ትከሻ ከጓዱ ትከሻ ጋር ተዋሐደ።

አቅልጬ እንደገና ልጀምር፣ ክብሪት ፍለጋ ስነሳ፣
በረንዳው ላይ ቆመዋል ጎረቤታችን ጋሽ ዲንሳ።
የሲሚንቶ መጋዘን ዘበኛ ናቸው። በስልሳ ዘጠኝ ታንክ ነጂ።
አንድ ቀን አውርተውት አያውቁም፤ ግራ ጆሯቸው ነው የነገረኝ እንጂ።

ጎንበስ ብለው ክዳኑን ነኩ። «ይሄን ክፈተው፤
በዚህ ሙቀት ማን ይዘጋዋል?»
ደግሞ ሰዎቹን አይተው
ቆዩ።
ቆዩ።
«እነዚህንም አታቅናቸው።
ቀጥ ብለን የቆምነው ፎቶ ስንነሳ ነው።»

በማግስቱ ባዶ የዓይን ጠብታ ብልቃጥ መዳፌ ላይ አኖሩ፤
«ጀሪካን ነው። ውሃ ረስተሃል።»
ወደ ሥራቸው ዞሩ።