የክብሪት ቀፎ

ጥዱ ከሚያልቅበት፣ ከካራቫንኬ ተራራ በታች፣
የሎቭሮ የንብ ቤት አለች፣ ፊቷን ሥዕል ያለበሰች፤
በየቀፎው አፍ ላይ አንዳንድ ባለቀለም ሳንቃ፣
በአንዷ ላይ አዳኝ ሞቶ፣ ድብ ተሸክሞት በጫንቃ፣
ጥንቸል ሻማ ታበራለች፣
ቀበሮ ታለቅሳለች።

ማቀዝቀዣ ሣጥን ይዤ ከሉብሊያና የወጣሁ፣
የቤተ ሙከራ ሰው ነኝ፣ የሞተ ንብ ልለምን መጣሁ።
"ኔዣ አንቺ ነሽ?" አለኝና በሱሪው እጁን አበሰ፣
ከመሰላሉ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ጣሳ ይዞ ተመለሰ።
ክዳኑ ሲነሣ፣ አርባ የክብሪት ቀፎ፣
አርባ መኸር በውስጡ፣ ዓመቱ በእርሳስ ተጽፎ።

"በእኛ ቋንቋ" አለ ሎቭሮ፣
"ከብት ይሞታል፤ ንብ ግን እንደ ሰው ታርፋለች፤
ያረፈች ደግሞ በመጥረጊያ አትጠረግም፤ ትቀመጣለች።"

አንዱን በጥፍሬ ከፈትሁት፤ ጥጥ ላይ ስድስት ንብ ተኝቷል፣
ክንፉ፣ እሳት እንደጎበኘው ላስቲክ፣ ተኮማትሯል፣
ሆዱ አጥሯል፤
የክብሪት እንጨት ይመስላል፣ አንዴ ነድዶ ያበቃ።

የበረዶውን ወራት ሙሉ ፈጨሁ፣ አጠብሁ፣ አነበብሁ፤
በአራት ፊደል የሚጻፈውን የቫይረሱን ትውልድ
እንደ ጋብቻ ሽማግሌ እስከ ሰባት ቤት ቆጠርሁ።

በመጀመሪያዎቹ ቀፎዎች፣ መዥገር ገና ሳይመጣ፣
ቫይረሱ አለ፤ ግን ብዙ ነው፣ እንደ ገበያ ጫጫታ፤
ሺህ ልሳን፣ ሺህ መልክ፣ አንዱ አንዱን የማይውጥ፣
ንቧም ሳይከብዳት ትበራለች፣ እሱን አዝላ በደሟ ውስጥ።

ከዚያ መዥገሯ መጣች፤ ጠፍጣፋ፣ ቀይ፣ ከተልባ ፍሬ ያነሰች፤
በሰም በታሸገ ጓዳ፣ ከሙሽሬዋ ሆድ ሥር ተለጠፈች፣
በአፏም መርፌ፣ ከሺው ልሳን፣ ለአንዱ ብቻ መንገድ ከፈተች።
ስሙን "ሀ" አልነው።
ሀ ሃያ ዓመት ገዛ።
ከዚያ በአንዱ ቀፎ "ለ" ብቅ አለ፣ እንደ እንግዳ ደጅ ቆሞ፤
በሚቀጥለው ዓመት፣ አንገቱ ሀ ወገቡ ለ፣ ተጋጥሞ፤
በሚከተለው፣ ለ ራሱን ችሎ፣ በሀ አልጋ ላይ ተጋድሞ።
በመጨረሻው ቀፎ ሀን ፈለግሁ፤
ሀ የለም። ሁሉም የለ።

ፀደይ ሲገባ ተመለስሁ፤ ወረቀቴን በሣሩ ላይ ዘረጋሁ፤
"ለ የገባው በዘጠና ዘጠኝ መኸር ነው" አልሁ፣
ጣቴን ዓመቱ ላይ አሳረፍሁ።
ሎቭሮ ዝም አለ።
ፒፓው ጠፋ፤ መልሶ አልለኮሰውም።

"በዘጠና ስምንት በጋ፣ ከድንበር ማዶ፣ ከኦስትሪያ፣
አንዲት አውራ ገዛሁ፤
በሸሚዜ ኪስ፣ ከልቤ ጎን፣ በክብሪት ቀፎ ሸሸግሁ፤
ለጉምሩኩ ሰው ፈገግ ብዬ አለፍሁ።
በዓመቱ የጎረቤቴ የሄርሚና ሃያ ሁለት ቀፎ አለቀ።
አብረን ነፋሱን ረገምን።
ዳቦ ይዤ ሄጄ፣ ለቅሶ ደረስኋት።"

አንድ ጣሳ ምስክር አይሆንም፣ ለ በመቶ መንገድ ይመጣል፣
በጭነት መኪና፣ በገበያ፣ በድንጉላ ክንፍ ይሻገራል፣
አልሁት።
"ተይኝ ልጄ" አለኝ፣ "አርባ ዓመት ሙሉ
ምስክር ሳጠራቅም የኖርሁት በገዛ እጄ ነው።
ያ የረገምሁት ሀም ሄዷል፤
እርግማኔ ባለቤት አጥቶ፣ ወደ ቤቱ ሳይመለስ አይቀርም።"

ከኪሱ ባዶ ቀፎ አወጣ፣ እርሳሱን በምላሱ አረጠበ፣
የዘንድሮን ዓመት ጻፈ።

ከሳንቃው ላይ አንዲት ንብ፣ ክንፏ እንደ ተጨመቀ ወረቀት፣
በድቡ ትከሻ አልፋ፣ የጥንቸሏን ሻማ ረግጣ፣
በእግሯ ወደ ሣሩ ወረደች።

"ላንሣት?" አልሁት።
"ተያት" አለ፣ ቀፎውን ከፍቶ እንደያዘ፣
"ገና አላረፈችም።"