ፍሬን ያዥ

ሱቄ ደብረ ሲና ነው፣ ከከባድ መኪና መቆሚያው ፊት ለፊት፤
ጣርማበርን የወረደ ሲኖትራክ ሳይደርስ፣ ሽታው ይደርሳል ቀድሞት፦
የተቃጠለ ሸራ።
“ኦሪጅናል ነው?” ይለኛል ሾፌሩ፣ በጣቴ መትቼው ዋጋ ስጠራ።

አባቴ ወንድይራድ የድሬዳዋ ባቡር ፍሬን ያዥ ነበር፣
ሃያ ስድስት ዓመት ከፉርጎ ጀርባ ላይ መዘውር ሲያዞር።
ጡረታ ሲወጣ፣ ከሳርዲን ቆርቆሮ፣ ከሳጥን ጣውላ
አምስት የጭነት ፉርጎ ሠራ፣ አንዱ ስንዝር የማይሞላ፤
ጎማቸው ፕላስቲክ፣ ከመጫወቻ መኪና የተነቀለ፣
ፀጉር የጠመጠመ፣ እድፍ የለበሰ፣ ካልገፉኝ አልሄድም ያለ።

“ብረት አድርጊላቸው” አለኝ አንድ ማታ፣ “አንቺ ዕቃ ታውቂ የለ?”

አውቃለሁ፤ ግን የማውቀው ጎማ ወገቤ ላይ የሚደርስ፤
ጥፍር የምታህል መንኮራኩር ከየት አባቴ ልፈልግ፣ የቱን መርካቶ ላስስ?

ደብረ ብርሃን ወጣሁ፣ ሸዋቀና ቶርኖ ቤት።
ሦስት ናሙና አወጣልኝ፤ አሉሚኒየም፣ ነሐስ፣ ብረት።
አሉሚኒየሙ ገለባ፤
ቢያስነጥሱ ከሐዲዱ ወርዶ ቁም ሣጥን ሥር የሚገባ።
ነሐሱ የጆሮ ጌጥ ነው፣ ዓይኔ ቀረበት፤
እጄ ግን አልወደደውም፣ ለስላሳ ነው፣ ይበላል ከጊዜ ብዛት።
“ከንፈሩን እዪ” አለኝ፣ “ያቺን ወደ ውስጥ የወጣች ጠርዝ፤
ከበዛች ምስማር ትመታለች፣ ካነሰች ኩርባ አትይዝ።”

ብረቱን ያዝሁ።
አክሰሉን እንደ መርፌ አሹሎ፣ መስታወት ላይ ነካ ቢያደርገው፣
ሄደ... ሄደ... ከጠረጴዛው ጫፍ ሲወድቅ በቆቡ ቀለበው።

ሃያውንም ገጠምን።
ረስተነው እንጂ፣ ቤታችን እንደ ከተማው ነው፣ ወደ ቆላ ያዘነበለ፤
ሌሊት ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ነቃሁ፤ የቆመው ባቡር ሹፌር ሳይኖረው ኮበለለ።
አባቴን በጨለማው አየሁት፣ ከአልጋው ወርዶ፣ በባዶ እግሩ፣
ሁለት እጆቹ አየር ላይ የሌለ መዘውር ሲያዞሩ።

ጠዋት፣ “ሸራ ልሽጥልህ?” አልሁት።
አልሳቀም። ከመጨረሻው ፉርጎ አንዱን አክሰል ፈታ፣
ያንን እድፋሙን ፕላስቲክ መልሶ አስገባ በብረቱ ፈንታ።
ለሌሎቹ የክብሪት እንጨት ሰብሮ፣ ታኮ ሰጣቸው፤
“ቆሟል!” አለ ጮክ ብሎ፣ ጣቢያ ያለ ይመስል አጠገባቸው።

ነሐሱ ናሙና ሱቄ መሳቢያ ውስጥ ከዝርዝሩ ጋር ተቀመጠ፤
መልስ ልሰጥ በሳብሁ ቁጥር፣
ከሳንቲሙ ሁሉ ቀድሞ ወደ ጣቴ እየሮጠ።