ለማይሰማ ድምፅ የተላጨ ራስ

ሃያ ሁለት ዓመት ለሚኒባስ በር ግማሽ አካሉን ሰጥቶ፣
«ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ፣ ጎዳናውን ሞልቶ፣
ሽኩር ድምፁን ሸጦ ነው ልጆች ያሳደገው፤
አሁን ደግሞ ድምፅ ነው፣ እሱን የሚያስፈልገው።
ያውም የማይሰማ።

ትናንት ሱቄን ልዘጋ ስል መጣ፣ ሰንጋ ተራ፣
ቸርችል ጎዳና በመኪና ታፍኖ፣ ዳገቱ በጥሩምባ ሲያጓራ።
«ላጨኝ» አለ፣ «ሙልጭ አርገህ፣ አንዲት ዘለላ እንዳትቀር፤
ድምፁ መንገድ ይስታል አሉ፣ በፀጉር መሃል ካለ አየር።»

እኔ ራስ አውቃለሁ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው ራስ ስዳስስ፣
የቱ ጋ እንደሚያብጥ፣ የቱ ጋ እንደሚሰረጉድ፣ በጣቴ ሳስስ፤
ከውጭ ነው ግን።
ከራስ ቅሉ ወዲያ ያለውን ሰፈር አንድ ቀን አልረገጥኩት።
ከግራ ጆሮው በላይ፣ ዕጢው አለ ካሉበት፣
ስደርስ ምላጬ ዘገየ።
ምንም የለም። ቆዳ ነው፣ እንደ ማንም ቆዳ ለስላሳ፤
እኔ ለማጅ፣ እሱ ሕፃን ሳለን፣ በመቀስ የወጋሁት ያች ጠባሳ
ብቻ አለች።

«አንጎል ዘበኛ አለው» አለኝ፣ ዶክተር ሰብለወንጌል እንዳስረዳችው፣
«ጨዋ፣ ጉቦ የማይበላ፤ መድኃኒትንም ‹መታወቂያ!› የሚለው።
የስድስት ወር መርፌዬ ሁሉ ከበር ነው የተመለሰው።
ነገ በደም ሥሬ አረፋ ይለቃሉ፣ ከዓይን የረቀቀ፣
ድምፁ ሲነካው ይርገበገባል፤ በቃ፣ በሩ ለቀቀ፤
ለጥቂት ሰዓት።»

«ድምፁስ» አልኩት፣ «መንገድ ላይ ያለውን አይጎዳም?»
«አንዱ ብቻውን» አለ፣ «ዝንብ እንኳ አያስበረግግም፤
ከሺህ አቅጣጫ ሺህ ሆነው ነው የሚመጡት።
ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፤
ለቆዳዬ ጌጥ ነው፤ ለአጥንቴም ጌጥ ነው፤
የሚገናኙባት፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጥብ ናት ሸክም የሚበዛባት።
መጀመሪያ በጄላቲን ሞከሩት፣ ቀጥሎ በበግ ጭንቅላት፣
ከዚሁ ከኛ ሉካንዳ ገዝተው» ብሎ ሳቀ፤ «ስድስት ሰው ቀድሞኛል፣
ሰባተኛዋ ተራ የኔ ናት።»

ከኪሱ ወረቀት አወጣ፣ አራት ገጽ፣ የፈረመበት።
መነጽሩን ረስቷል፤ «አንብብልኝ» አለኝ፤ አነበብኩለት።
ሁለተኛው ገጽ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፣
ዘልዬ ላልፋት ስል እጁ ክንዴን ያዘች።
«ድገማት።»
ደገምኳት፦ «ሙከራ ነው። ላይጠቅምዎት ይችላል።»
ዝም አለ። መስታወቱ ውስጥ አንድ የማላውቀው ራሰ በራ ያየኛል።
«‹ይችላል› ጥሩ ቃል ነው» አለ፣ «እንደኛ ታክሲ ነው፣
ደርሶ መልስ የሚሠራው።»
ሂሳብ አልተቀበልኩም፤ ተቆጣኝ፤ ተቀበልኩ።

ዛሬ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ከባለቤቱ ከዘይቱና ጎን ተቀመጥኩ።
ውሃ የሞላ ቆብ አጠለቁለት አሉ፤ በሩ ተዘጋ።
ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ ዷ፣ ዷ፣ የሚል ነገር ጋ።
«እሱ ፎቶ ማንሻው ነው» አለች ነርሷ፣ «ሕክምናው ድምፅ የለውም።»
ዘይቱና መቁጠሪያዋን ታንከባልላለች፤ የሷም አይሰማም።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ወጣ።
«ምን ሰማህ?»
«ምንም። ውሃው ይቀዘቅዛል።»
ዶክተሯ በስክሪኑ ላይ የጥፍር ያህል ነጭ ዳመና አሳየችን፤
«በሩ ተከፍቷል፤ መድኃኒቱ ገብቷል» ስትል ሁላችን
ትንፋሻችንን ለቀቅን። «ምን እንደሠራ ግን»
አለች፣ «ከሦስት ወር በፊት አላውቅም።»

ሦስት ወር። ፀጉሩ ሁለት ጣት ያህል ያድግ ይሆናል፤
እኔ የማውቀው ይህንን ነው፤ ሌላው ከኔ ያልፋል።

ቁልቁል ወርደን ታክሲ ያዝን። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ልጅ
«ሜክሲኮ» ይላል፣ ድምፁ ተሰነጣጥቆ፣ ገና ለማጅ።
ሽኩር፣ ሻሽ በጠመጠመው ራሱ፣ ከፊት ወንበር ዞረና፦
«ከጉሮሮህ አይደለም፣ አንተ» አለው፤
«ከሆድህ አውጣው።»