ቅጹ ላይ ቦታ የለውም

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ብሬመን፣ ኅዳር ወር፣
ስድስተኛው ፎቅ ላይ፣ ክፍል ዐሥራ አራት በር፣
አዛውንቱ ብሩንስ፣ የድሮ መርከብ በያጅ፣
የሞተች ሚስቱን ሲሻ አግኝቶ የእኔን እጅ
በቡጢ አቀመሰኝ፤
ዐይኔ ሥር አበጠ፤ ታዘዘልኝ ራጅ።

"አጥንትሽ ደኅና ነው" አሉኝ፤ ቅጽ ሰጡኝ።
ጎበዝ ነው ቅጹ፤ መጠየቅ ያውቃል፦
ቆዳው ተልጧል ወይ? ደም ፈሷል? ያብጣል?
በምን ተመታሽ? በስንት ሰዓት? ማን ዐየ?
በየሣጥኗ ምልክት አኖርኩ፤ የተረፈ የለም፣ ያልታየ።

ብሩንስንስ ምን ልበለው? ሲነጋ ቀና ብሎ፣
"ማነው እንዲህ ያደረገሽ? ንገሪኝ!" አለ፣
በዚያው እጁ ጉንጬን ዳብሶ።
ቂም የሚያዘው ከሚያስታውስ ነው።

ለጌርሊንዴ ግን ሣጥን አጣሁ።
ጮኻ የማታውቅ፣ እጇን የማታነሣ፣
ጓንቷ ነጭ፣ ቃሏ ለስላሳ፣
ስሜን ደረቴ ላይ እያነበበች፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
"ቴሬሳ" የምትለኝ፤ የቀሩትም "ቴሬሳ" እንዲሉ።

ሚሌና የመጣች ጊዜ፣ ከኖቪ ሳድ፣ ገና ተለማማጅ፣
መርፌ ስታነሣ ጥቂት ቢንቀጠቀጥ እጅ፣
"መርፌ ነው የያዝሽው ወይስ ሹካ?" አለቻት ቀስ ብላ፣
ሐኪሙ ፊት፣ በሽተኛው ፊት፣ ቀልድ አስመስላ።
የሰው ፊት እሳት ነው።
ልጅቷ ነደደች፤ የጭስ ማንቂያው ግን አልጮኸም።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቁጠረው?
የገና ተራ ለእሷ፣ የአዲስ ዓመት ተራ ለእሷ፤
የሻይ ክፍሉ ጨዋታ የሚቋረጥ ስትገባ እሷ፤
አንድ ቀን ኩባያዋን ከቆሻሻው ቅርጫት አወጣች፣
አጠበችው፤ ደግማ አጠበችው፤
ውኃ ብቻ ጠጣችበት፤ ወጣች።

እኔስ?
ሳቅሁ።
ትንሽዬ ሳቅ፣ ከጥርስ ያላለፈች፣
ጌርሊንዴ ወደኔ ስትዞር እንደ ግብር የተከፈለች።
"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ይባላል፤
ውሸት ነው፤ ገብቷል፤ ውጬዋለሁ፤
እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ውስጥ ጥዝ ይላል።

በመጋቢት አንድ ማለዳ ቁም ሣጥኗ ተከፍቶ ታየ፤
ነጠላ ጫማዋ ብቻ፣ ጎን ለጎን።
"ቆዳዋ ስስ ነበር" አለች ጌርሊንዴ፣
የተራ ሰሌዳውን እያረመች።
ቆዳው ተልጧል ወይ? ይላል ቅጹ።
አልተላጠም።
ቅስም የሚሉት አጥንት በየት በኩል እንዳለ
የራጁ ክፍል አያውቅም፤
አንድም ቀን ፊልም ላይ ታይቶ "ተሰበረ" አልተባለ።

ትናንት ማታ ነው እንግዲህ፣ ተራ ስንቀያየር።
ማሪቴስ የምትባል፣ ከመጣች ሳምንቷ፣
መርፌ ስታነሣ ተንቀጠቀጠ ጣቷ።
ደክሞኝ ነበር (ሁሉም ደክሞት ነው)፤
"መርፌ ነው የያዝሽው ወይስ ሹካ?"
አለ አንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ ለስላሳ።
ዞሬ ዐየሁ፤ ከኋላዬ ማንም የለም።
አፉ የእኔ ነው።

ጌርሊንዴ ኮቷን ደርባ ስትወጣ ሰምታ
ቆመች፤ ፈገግ አለች፤
"ደኅና እደሪ፣ ትርሲት" አለች፣
አንድ ፊደል ሳትስት፣ አጥርታ።

አሁን ነግቷል። ትራሙ መጥቶ ሄደ፤ ሌላም ይመጣል።
ቢሮው የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ላይ ነው ተብሏል።
ቅጹ ጉልበቴ ላይ ነው።
በምን ተመታች? በምላስ።
ደም? የለም።
ማን ዐየ? ያው፣ እንደ ወትሮው፣ ሁላችንም።
ማን መታ?
ሣጥኗ ጠባብ ናት፤ ከወረቀቱ ዳር ላይ ጻፍኩ፣
እንዳይሳሳቱ፣ ፊደል በፊደል፦
ት። ር። ሲ። ት።